ዋናውን ትርፍ ብሎ ስለ መጻፍ

አንባቢ ሆይ፤ የነጋዴ ታማኝነት በምን ይታወቃል ተብለህ ብትጠየቅ፥ ሚዛኑ ያልተዛባ፥ ክንዱ ያላጠረ፥ ማሩን በስኳር ያልደባለቀ፥ የሠራተኛውን ደመወዝ ያላሳደረ ነጋዴ እርሱ ታማኝ ነው ብለህ ትመልስ ይሆናል። መልካም መልስ ነው፤ በዚህም ነገር ላይ ብዙ ተጽፏልና እኔ የምጨምረው የለኝም። ነገር ግን ነጋዴ ከገበያተኛው ዓይን ርቆ፥ ማታ ሱቁን ዘግቶ፥ በመብራት አጠገብ ተቀምጦ የሚጽፈው አንድ መጽሐፍ አለው፤ ይኸውም የሒሳብ መዝገቡ ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ የአንድ ሳንቲም ስሕተት ሳይገኝበት ታላቅ ሐሰት ሊጻፍ ይችላልን? ጥያቄዬ ይህ ነው። እኔ ሊጻፍ ይችላል፥ በየዓመቱም ይጻፋል እላለሁ፤ የሚጽፉትም ክፉዎች ሰዎች ሳይሆኑ ብዙ ጊዜ ጨዋዎችና ጠንቃቆች ናቸው።

ነገሩን ከመዝገብ በፊት ከገበሬ ቤት እንጀምረው። በሰኔ ወር ጎተራው ሲጎድል ልጆቹም ሲርባቸው፥ አንድ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ አውጥቶ ቢያስፈጭ፥ በዚያ ሳምንት ቤቱ ጠግቦ ያድራል። ሆኖም ከጎረቤቶቹ መካከል «እገሌ ዘንድሮ አተረፈ» የሚል አንድ ስንኳ አይገኝም። «ዘሩን በላ» ይሉታል፤ በዚህም ቃል ውስጥ ኀዘንም ወቀሳም አለበት። የሚያርስበትን በሬ አርዶ የበላም እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ገበሬ ማንም ሳያስተምረው ሁለት ነገር ለይቶ ያውቃል፤ አንደኛው ዋናው ነው፥ ሁለተኛውም ዋናው የወለደው ትርፍ ነው። ጆን ሂክስ የሚባል እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) የሰው ገቢ የሚባለው፥ ሰውዬው በልቶት ሲያበቃ በሳምንቱ መጨረሻ በመጀመሪያው ቀን እንደ ነበረ ሆኖ ሊገኝ የሚችልበት ልክ ነው ብሎ አስረድቷል። ለሊቁ ብዙ ገጽ የፈጀበትን ነገር የእኛ ገበሬ በሁለት ቃል ጨርሶታል።

አሁን ወደ ከተማ እንመለስ። ዛሬ ነጋዴዎች የሚሠሩበት ባለ ሁለት ጎን የመዝገብ አጻጻፍ በኢጣልያ ከተሞች ያደገ ነው፤ ሥርዓቱንም በማተሚያ ቤት አሳትሞ ለብዙ ሰው ያዳረሰው ሉካ ፓቾሊ የተባለ የፍራንሲስካውያን መነኩሴ ነው፤ መጽሐፉ በ1494 በቬኔስያ ታተመ። መነኩሴ ስለ ንግድ መዝገብ መጻፉ ሊያስገርመን አይገባም፤ መዝገብ የኅሊና ሥራ ነውና። በዚህ ሥርዓት ነጋዴው ያለውን ንብረት በአንድ ወገን ይጽፋል፤ ያለበትን ዕዳና የራሱን ዋና ገንዘብ ደግሞ በሌላው ወገን ይጽፋል፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ካልመጡ አንድ ነገር ተሰውሯል ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ ሌላ ጥበብ ተጨመረበት። የወፍጮ ባለቤት የሆነ ሰው ድንጋዩና መዘውሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ስለሚያልቅ፥ የእርጅናውን ልክ ከገቢው ላይ ቀንሶ ይጽፋል። ይህን ያላደረገ እንደ ሆነ፥ ወፍጮው በቆመ ዕለት፥ ትርፍ ሲለው የኖረው ከወፍጮው አካል እየተቆረሰ የተበላ እንደ ነበረ ይረዳል።

ወፍጮው የሚዞረው በወንዝ ኀይል ቢሆንስ? ድንጋዩ በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ ወንዙ ግን የለም። በተራራው ላይ ቆሞ ወንዙን የሚመግበው ደን የለም፤ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቀው አፈርም የለም። ምክንያቱ ተንኰል አይደለም። መዝገብ የሚያውቀው ገንዘብ የተከፈለበትን ብቻ ነው፤ ለወንዝም ደረሰኝ የሰጠ ማንም የለም። ስለዚህ ደኑ ተቆርጦ ወንዙ በሚያዝያ የደረቀ እንደ ሆነ፥ በመዝገቡ ላይ የሚታየው የገቢ ማነስ ብቻ ነው፤ ምን እንደ ጠፋ የሚናገር መስመር አይገኝበትም። ንብ የአበባውን ዱቄት ከዛፍ ወደ ዛፍ ባታደርስ የፍራፍሬ ነጋዴ ምን ይሸጥ ነበር? ለንብ ግን ደመወዝ የጻፈ መዝገብ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ያልተጻፈ መስመር ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል በሙሉ ለማየት የሚፈልግ ሰው አንዲት ሩቅ ደሴት ሊያውቅ ይገባዋል። በሰላማዊው ውቅያኖስ መካከል ናውሩ የምትባል፥ ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎሜትር ብቻ የሆነች ደሴት አለች፤ በእግሩ የሚዞራት ሰው በአንድ ቀን ይጨርሳታል። በ1900 ገደማ አልበርት ኤሊስ የተባለ ሰው በሲድኒ ከተማ፥ በሚሠራበት ኩባንያ ቢሮ ውስጥ፥ በሩ እንዳይዘጋ የተደገፈችን አንዲት ድንጋይ ተመለከተ። ሌሎቹ ደንድኖ ድንጋይ የሆነ እንጨት ነው ይሉ ነበር፤ እርሱ ግን አስመረመራት፥ እጅግ የጠራ ፎስፌትም ሆና ተገኘች። ፎስፌት ለደከመ እርሻ ማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን ነው፤ ድንጋይቱም የመጣችው ከናውሩ ነበረች። በዚያን ዘመን ደሴቲቱ በጀርመን መንግሥት እጅ ነበረች። ቁፋሮው በ1906 ተጀመረ፤ ለመሬቱ ባለቤቶችም በመጀመሪያ ለአንድ ቶን ከአንድ ፔኒ ያነሰ ይከፈላቸው ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ፥ አውስትራልያና ኒውዚላንድ በ1919 ተስማምተው ቁፋሮውን ለሦስቱ መንግሥታት በሚሠሩ ኮሚሽነሮች እጅ አደረጉት። ኮሚሽነሮቹም ፎስፌቱን በዓለም ገበያ ዋጋ ሳይሆን ባወጡት ወጪ ልክ ለአውስትራልያና ለኒውዚላንድ እርሻ ያቀርቡ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ባወጡት ወጪ ልክ ሸጡ ስንል፥ የትኛውን ወጪ ማለታችን ነው? የመርከቡ ኪራይ ወጪ ነው፤ የሠራተኛው ደመወዝ ወጪ ነው፤ የመቆፈሪያው መሣሪያ እርጅና፥ ለባላገሮቹ የተሰጠውም ጥቂት ሳንቲም ወጪ ነው። ይህ ሁሉ በሥርዓቱ ሲጻፍ ሒሳብ መርማሪ መጥቶ ጉድለት አያገኝበትም። በዚያ ሥርዓት ስፍራ ያልነበራት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ እርስዋም ደሴቲቱ ራስዋ ናት። ፎስፌቱ ከተወሰደ በኋላ የቀረው እንደ ጦር የሾለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ አይታረስም፥ ቤትም አይሠራበትም። ከናውሩ ምድር ከአምስት እጅ አራቱ ያህል እንዲህ ሆነ። ነገሩ ወደ ምን እንደ ደረሰ ሲታይ፥ ሕዝቡ አገሩን ትቶ ወደ አንዲት የአውስትራልያ ደሴት ይዛወር የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ናውሩዎችም በ1964 እንቢ አሉ። አንድን ሕዝብ ከአገሩ ውጣ እስከ ማሰኘት የደረሰ ወጪ በየዓመቱ መዝገብ ላይ ምንም ተብሎ ይታለፍ ነበር ማለት ነው። በሲድኒ ወይም በኦክላንድ ርካሽ ዳቦ የገዛ ሰው፥ ከዋጋው ውስጥ የጎደለውን አንዲት ደሴት እንደ ከፈለችለት አላወቀም፤ የሚያውቅበትም መንገድ አልነበረውም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ወቀሳው ሁሉ በባዕዳን ላይ በወደቀ ነበር። ዳሩ ግን ናውሩ በ1968 ነፃ ወጣች፤ በ1970ም ቁፋሮውን ራስዋ ተረከበች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገቢው በሰው ቍጥር ሲካፈል ሕዝቧ ከዓለም ባለጠጎች ጋር የሚቈጠር ሆነ። መሪዎቿ ማዕድኑ እንደሚያልቅ ያውቁ ነበርና ከገቢው እየከፈሉ የአደራ ገንዘብ አቋቋሙ፤ አሳቡ ትክክል ነበር፤ ከምድር የወጣውን ዋና ወደ ሌላ ዋና መለወጥ ነውና። ነገር ግን ገንዘቡ በሜልበርን ከተማ 52 ፎቅ ላለው ሕንፃ፥ ለአውሮፕላን ኩባንያ፥ በ1993 በለንደን ታይቶ ብዙ ሳይቆይ ለተዘጋ የሙዚቃ ቲያትር እየወጣ አለቀ፤ ሕንፃውም በ2004 ተሸጠ። የራሱ ወገን መጋቢ ሲሆን ሰው ዘሩን አይበላም የሚል ካለ፥ ናውሩ መልስ ትሰጠዋለች። አውስትራልያ በበኩልዋ፥ ናውሩ በ1989 በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከስሳት ስለ ነበረ፥ በ1993 ስለ ተቆፈረው መሬት 107 ሚሊዮን የአውስትራልያ ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ያልተጻፈው መስመር ከብዙ ዘመን በኋላ በዳኛ ፊት ተጻፈ ማለት ነው።

ናውሩ ሩቅ ናት፥ እኛን አይመለከተንም ትል ይሆናል። እንግዲያስ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጡ በመንገድ ዳር የሚገኘውን የሐረማያን ሐይቅ አስብ። ከሐይቁ የሐረር ከተማ የሚጠጣውን ውሃ ያገኝ ነበር፤ የከተማውም ሥራ ሁሉ በዚያው ውሃ ይካሄድ ነበር። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በፓምፕ እየሳቡ ጫትና አትክልት ያጠጡ ነበር። ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደውም ደለል የሐይቁን ሆድ ይሞላ ነበር። ከ2004 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ሐይቁ ደረቀ፤ ውሃ የተኛበት ስፍራ የከብት መሰማሪያ ሜዳ ሆነ።

ሐይቁን ማን ገደለው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የአንድ ሰው ስም አያገኝም። በናውሩ ቢያንስ ቆፋሪው ይታወቅ ነበር፤ በሐረማያ ግን ሁሉም በየቤቱ ቅን ሰው ነበረ። ጫት አብቃዩ የናፍጣውን ዋጋ ከሽያጩ ላይ ቀንሶ የቀረውን ትርፍ አለው። ከተማው የቧንቧውንና የሞተሩን ወጪ ቈጠረ። በሐረር ውሃ ቀቅሎ የሚሸጠውም፥ በውሃ አጥቦ የሚሸጠውም የውሃ ሒሳቡን በወሩ ከፈለ። እያንዳንዱ ድምር ትክክል ነው። ሐይቁ በዓመቱ ስንት ክንድ እንደ ወረደ ግን በማንም የትርፍ መዝገብ ውስጥ ስፍራ አልነበረውም። ሐይቁ በሞተ ጊዜ ነው ወደ መዝገብ የገባው፤ ለሐረር ውሃ ከድሬዳዋ በኩል፥ ከቆላ ወደ ደጋ በሞተር እየተገፋ እንዲመጣ ሆነና የቧንቧው ብረት፥ የሞተሩ ኀይል፥ የጠባቂው ደመወዝ አንድ በአንድ ተቈጠረ። ሐይቁ በሕይወት ሳለ በከንቱ ይሠራው የነበረው ሥራ ስንት ያወጣ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ታወቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው በከፊል ተመልሷል፤ ስለዚህ ጥያቄው ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ይህን ሁሉ ቆዳ እያለፋ ለሚኖር አንድ ሽማግሌ ወዳጄ ባጫወትሁት ጊዜ፥ «ልጄ፥ ወንዙን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ለእኔም ለጎረቤቴም በነፃ ሰጠን። ደረሰኝ ያልቈረጠልኝን ጌታ ምን ብዬ ልክፈለው?» አለኝ።

«አባቴ፥ ይክፈሉ አላልሁም» አልሁት፤ «ይጻፉ ነው ያልሁት።»

እርሱ ሳቀ። ክርክሩ ግን ብዙ ሰዎች የሚይዙት ስለ ሆነ፥ ደግሞም መንፈሳዊ ስለሚመስል፥ መልስ ይገባዋል። ሰው በነፃ የሚቀበለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ስጦታ ነው፥ ሁለተኛውም አደራ ነው። ስጦታ በአንተ ያልቃል፤ ብትበላው ማንም አይጠይቅህም። አደራ ግን ከአንተ በኋላ የሚቀበል ሌላ ሰው አለበት። ወንዝ ከአባትህ ወደ አንተ እንደ መጣ ከአንተም ወደ ልጅህ ይሄዳል፤ ከዚህም በላይ በታች ያለው መንደር ልጅህ እስኪያድግ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይጠጣዋል። ስለዚህ በነፃ መሰጠቱ ከመቍጠር ነፃ አያወጣህም፤ እንዲያውም አስተዋይ ሰው የራሱን ገንዘብ ሳይቈጥር ቢያድር የአደራውን ገንዘብ ቈጥሮ ይተኛል። በኦሪት ሕግ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን እንዲወስድ ተፈቅዶለት እናቲቱን ግን እንዲለቅ ታዟል። ይህ ስለ ርኅራኄ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ ዋናን ከትርፍ የሚለይ ሕግ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ክርክር ነው። «እኔ ፓምፔን ብዘጋ ጎረቤቴ ይከፍታል፤ ሐይቁም አይድን፥ እኔም እደኸያለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። ይህን የስግብግብ ምክንያት ነው ብለው የሚንቁ አሉ፤ እኔ ግን እውነት አለበት እላለሁ። የአንድ ሰው ቅን መዝገብ ሐይቅ አያድንም፤ ለዚህ የሁሉ ስምምነትና ሕግ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሕግ ራሱ ያለ እውነተኛ መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ካናዳ አይታዋለች። ኮድ የሚባለው ዓሣ በኒውፋውንድላንድ ባሕር እጅግ ብዙ ስለ ነበረ አምስት መቶ ዓመት ያህል የብዙ አገር ሰዎች ሲያጠምዱት ኖሩ። ካናዳ በ1977 ከባሕር ዳር እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ያለውን ለራስዋ ከለለች፤ ሕግም አወጣች፥ በየዓመቱ የሚጠመደውንም ልክ ወሰነች። የባሕሩ ዓሣ ግን ካለው ይልቅ አብዝቶ ተገምቶ ነበርና፥ ሕጉ የፈቀደው ልክ ራሱ ዋናውን የሚበላ ሆነ። ሐምሌ 2 ቀን 1992 መንግሥት ማጥመዱን ዘጋ፤ 30,000 ያህል ሰዎች ሥራቸውን አጡ፤ ለጥቂት ዓመት የተባለውም መዘጋት እስከ 2024 ቆየ። እንግዲህ ስምምነት ከመዝገብ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ስንት እንደ ቀረ የማያውቁ ሰዎች በምን ላይ ይስማማሉ?

ሦስተኛው ክርክር የሊቃውንት ነው፤ ሐይቅ ወይም ደን በገንዘብ ሊገመት ይገባልን የሚል ነው። ሞክረው ያሳዩ አሉ። የስፖርት ጫማና ልብስ የሚሠራው የጀርመኑ ፑማ ኩባንያ የ2010 ሥራው በውሃ፥ በአየርና በመሬት ላይ ያደረሰውን በገንዘብ ገምቶ በ2011 አሳተመ፤ ድምሩም 145 ሚሊዮን ዩሮ ሆነ። ከዚህ ውስጥ በኩባንያው በራሱ ቢሮ፥ መጋዘንና ሱቅ የደረሰው 8 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው በሚያቀርቡለት ሰዎች ዘንድ የደረሰ ነው፤ ይልቁንም ቆዳ፥ ጥጥና ጎማ በሚገኝበት በመጀመሪያው ስፍራ ላይ። ይህ መጻፉ ብዙ ያስተምራል፤ የከተማ ሱቅ ንጹሕ ሆኖ የሚታየው እድፉ ሩቅ ስለ ቀረ ነውና። ነገር ግን ፍርሃትም አለኝ። ዋጋ የተጻፈለት ነገር ገዢ ያለው ይመስላል፤ ባለጠጋም «145 ነው? ከፍዬ ልጨርሰው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። የናውሩ 107 ሚሊዮን አፈሩን አልመለሰውም። ስለዚህ በእኔ አሳብ አስቀድሞ ሊጻፍ የሚገባው ልኩ ነው፤ ስንት ክንድ ውሃ፥ ስንት ዛፍ፥ ስንት ዓሣ፥ ከአምናው ስንት ጎደለ። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ባይመጣም ግድ የለም።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ደረስሁ። በዘመናችን ታላላቅ ኩባንያዎች በተፈጥሮ ሀብት ላይ ምን ያህል እንደ ተደገፉ እንዲገልጡ እየተጠየቁ ነው። በ2021 ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ አንድ ዓለም አቀፍ ቡድን በመስከረም 2023 ምክሩን አሳትሟል፤ ኩባንያዎችም በፈቃዳቸው ይከተሉታል። በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል የተሰበሰቡ መንግሥታትም ታላላቅ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን እንዲገልጡ ለማድረግ ተስማምተዋል። ነገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ሁለት ጥያቄ ተደባልቋል። አንደኛው «እኔ በምን ላይ ተደግፌአለሁ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «እኔ ምን አጠፋለሁ?» የሚል ነው። ምክሩ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ሰው ግን የመጀመሪያውን በፍጥነት ይመልሳል፥ የራሱ እንጀራ ነውና።

በፈረንሳይ አገር ቪቴል ከምትባል ከተማ የምንጭ ውሃ በጠርሙስ እየሞላ የሚሸጥ ኩባንያ አለ። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በቆሎ እየዘሩ፥ ማዳበሪያም እያበዙ ስለ ሄዱ፥ በ1980ዎቹ ናይትሬት ወደ ምንጩ ይሰርግ ጀመር። በዚያ አገር ሕግ እንዲህ ያለው የምንጭ ውሃ በመድኃኒት ተጣርቶ ሊሸጥ አይፈቀድም። ስለዚህ ኩባንያው ተመራማሪዎች አስጠንቶ፥ ከገበሬዎቹ ጋር የረጅም ዘመን ውል ተዋዋለ፤ እነርሱ በቆሎውንና መድኃኒቱን ትተው ወደ ሣር ግጦሽ ሲመለሱ እርሱ ገንዘብ ይከፍላቸዋል፥ ያገኘውንም መሬት ያለ ኪራይ ይለቅላቸዋል። አፈሩ በመጨረሻ በመዝገቡ ውስጥ ስፍራ አገኘ። ያደረገው በቅድስና ሳይሆን ለጠርሙሱ ብሎ ነው፤ ቢሆንም አልነቅፈውም፥ ጥቅምና እውነት በአንድ መንገድ ሲሄዱ ደስ ይለኛል።

ነገር ግን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ አይሄዱም። የቪቴል ኩባንያ ምንጩን ትቶ ወዴት ይሄዳል? ስሙ ራሱ ከስፍራው ጋር የታሰረ ነው። የፎስፌት ኮሚሽነሮች ግን የሚሄዱበት ነበራቸው። ከናውሩ ሌላ ባናባ የምትባለውን ደሴት ይቆፍሩ ነበር፤ የባናባ ሕዝብ በ1945 በፊጂ ወዳለችው ወደ ራቢ ደሴት ተወሰደ፥ የባናባም ቁፋሮ በ1979 አበቃ። በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው ክሪስማስ ደሴትም ነበረችላቸው። «በምን ላይ ተደግፌአለሁ?» ብለው በቅንነት ቢጠይቁ ኖሮ መዝገቡ የሚመልስላቸው «ይህች ስታልቅ ሌላ ፈልግ» ብሎ ነው። ይህ መልስ ብልህ ነው፤ በቍጥሩም ስሕተት የለበትም። ናውሩን ግን አያድናትም። ዋናው የሚያልቅበት ሰው ትርፉን ከሚወስደው ሰው የተለየ ሲሆን፥ የጥገኝነት ሒሳብ ብቻውን ዝም ይላል። ያን ጊዜ መዝገቡ ሌላ አምድ ይፈልጋል፤ «ይህ ለማን ዋና ነው?» የሚል። ይህን አምድ ሕግ ባያዝዘው፥ ገበያም ባይጠይቀው፥ የሚያሰምረው ጸሐፊው ራሱ ነው። ጥቅሙ የማይገፋው ስለ ሆነ፥ ሰውዬው ሐሰትን በእውነት ይጠላ እንደ ሆነ በዚህ ይለያል። ሒሳብ የምትማር ወጣት ሆይ፥ አስተማሪህ ድምሩ እኩል ሲመጣልህ ያመሰግንሃል፤ ምስጋናውም ይገባሃል። ነገር ግን ሐሰተኛ ምስክር ሁልጊዜ ያልሆነውን የሚናገር ብቻ አይደለም፤ ያየውን ትቶ የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስም አለ።

ያ ቆዳ አልፊ ወዳጄ ከጥቂት ወራት በኋላ አስጠራኝና በመዝገቡ ውስጥ የከፈተውን አዲስ ገጽ አሳየኝ። በራሱ ላይ «ወንዝ» ብሎ ጽፏል። ከዚያ በታች በቀን ስንት በርሜል ውሃ እንደሚቀዳ፥ ኖራ ያለበትን ስንት በርሜል እንደሚለቅ፥ በታች የሚኖሩ ሴቶች እንስራቸውን የሚሞሉበት ስፍራም ከእርሱ ቦይ ስንት እርምጃ እንደ ሆነ በየተራው አስፍሯል። የመጨረሻው አምድ ብቻ ባዶ ነበር።

«የዋጋው ስፍራ ነው» አለኝ። «ምን ልጻፍበት?»

«ለጊዜው ባዶ ይተዉት፥ አባቴ።»

እርሱ ግን ባዶ አምድ የማይወድ የቆየ ነጋዴ ነው። ጥቂት አሰበ፤ ብዕሩን ነክሮም በዋጋው ስፍራ በታች ያለውን መንደር የቤቶች ቍጥር ጻፈበት።